ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እና የእናቱ ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን የታላቁን ሊቅ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ዕረፍት፣ ግንቦት 12 ቀን ደግሞ የዐፅሙን ፍልሰት ታስባለች። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። የዕብራውያንን መልእክት የተረጐመበት ድርሳኑም ወደ ግእዝ ተመልሶ በሊቃውንቱ ጉባኤ ሲነገር፣ ሲተረጐም ኖሯል። ስሙ ሲነሣ ቶሎ በኅሊናችን የሚመጣው የቍስጥንጥንያ መንበሩ፣ ነገሥታትን የገሠጸበት ጥብዐቱ፣ በስደት መንገድ ያለፈበት ትዕግሥቱ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የተጀመረበት አንድ ቦታ አለ። ከመንበሩም ከዋሻውም በፊት ዮሐንስ በአንዲት መበለት ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ወደ ቅዱስ ቍርባን ስለ መቅረብ ያስተማረውን ስናነብ የዚያን ቤት ጥላ እናይበታለን። በዚህ ጽሑፍ የቅዱሱን ሕይወት ከዚህ ወገን እንመለከታለን። ምክንያቱም ዛሬ ብዙዎቻችን መንፈሳዊ ዝግጅት የሚባለውን ነገር ለገዳም፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለንስሓ አባት ትተን፣ ቤታችንን ለመብልና ለመኝታ ብቻ የምንጠቀምበት ሆነናል።

የሃያ ዓመቷ መበለት

ቅዱስ ዮሐንስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ በሶርያ አንጾኪያ ተወለደ። አንጾኪያ ደቀ መዛሙርት አስቀድመው ክርስቲያን ተብለው የተጠሩባት ከተማ ናት (ሐዋ. 11፥26)። በእርሱ ዘመን ደግሞ ንግድ የደራባት፣ ቴያትር ቤቷና የፈረስ መወዳደሪያዋ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ጋር ሕዝብ የሚሻሙባት ታላቅ ከተማ ነበረች። አባቱ ሴኩንዱስ በሮም ሠራዊት አስተዳደር ሹመት የነበረው ሰው ሲሆን፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ከዚህ ዓለም ተለየ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር።

ሃያ ዓመት ለብዙዎች የሕይወት መጀመሪያ ነው። ባሏ ለሞተባት ሴት ሁለተኛ ጋብቻ የተከለከለ ስላልሆነ (1ኛ ቆሮ. 7፥39) አንቱሳ ብታገባ የሚነቅፋት አልነበረም። እርሷ ግን በመበለትነት ጸንታ ልጇን ለማሳደግ ወሰነች። ይህ ውሳኔ በአፍ የሚቀል፣ በኑሮ የሚከብድ ነበር። አገልጋዮች ወጣት ሴት ናት ብለው ይንቋታል፤ ዘመዶች ንብረቱን ለመውሰድ ያደባሉ፤ ግብር ሰብሳቢዎች ያለ ርኅራኄ ይመጣሉ። አንቱሳ ይህን ሁሉ ችላ የባሏን ሀብት ሳታጎድል ለልጁ ጠበቀች፤ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ወጪ ደግሞ ከወላጆቿ ካገኘችው ከራሷ ገንዘብ ከፈለች።

ለዮሐንስ የመረጠችለት ትምህርት የዘመኑ ከፍተኛ ትምህርት ነበር። የንግግርን ጥበብ የተማረው ሊባንዮስ ከሚባለው ዝነኛ መምህር እንደ ሆነ ይነገራል። ሊባንዮስ በአሮጌው የግሪክ አማልክት አምልኮ የጸና ሰው ነበር። እናቱ ልጇን ወደዚያ ጉባኤ ስትልክ እምነቱን አብራ አላስረከበችም፤ ቀን ከመምህሩ የሚሰማውን የቋንቋ ጥበብ ማታ በቤቱ ከሚያየው የክርስትና ሕይወት ጋር እያመዛዘነ አደገ። ቅዱስ ዮሐንስ ራሱ እንደ ተረከው፣ ያ አረማዊ መምህር እናቱ አርባ ዓመት እንደ ሞላት፣ ከዚያም ውስጥ ሃያውን በመበለትነት እንዳሳለፈች በሰማ ጊዜ፣ በክርስቲያኖች ዘንድ እንዲህ ያሉ ሴቶች መኖራቸውን በአድናቆት ተናግሯል። በክርክር የማይረታ የነበረው መምህር በአንዲት እናት ኑሮ ተረታ ማለት ነው። ልጁም ይህን አልረሳም። ትልቁን ስብከት የሰማው ከእናቱ ዝምታ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

በአልጋው አጠገብ የፈሰሰ እንባ

ዮሐንስ ትምህርቱን ሲፈጽም የሕግ ጠበቃነትና የሹመት መንገድ ተከፍቶለት ነበር። ልቡ ግን ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት አዘነበለ። በዚያ ዘመን ብዙ የክርስቲያን ልጆች እንደሚያደርጉት ጥምቀትን የተቀበለው ካደገ በኋላ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነው። የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳስ መልጥዮስ አጠመቀው፤ በኋላም አናጕንስጢስ፣ ማለትም የመጻሕፍት አንባቢ አድርጎ ሾመው። ባስልዮስ ከሚባል ከልጅነት ጓደኛው ጋር ሆኖም ዓለምን ትቶ ወደ ገዳም ለመውጣት ተማከረ። ይህ ባስልዮስ ታላቁ የቂሣርያ ሊቅ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው።

እናቱ ይህን ባወቀች ጊዜ ያደረገችውን ቅዱሱ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተርኮታል። እጁን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባችው፤ እርሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ አስቀምጣው አለቀሰች። ከአባቱ ጋር የቆየችበት ጊዜ እንዴት አጭር እንደ ነበረ፣ የመበለትነት ማዕበል ምን እንደሚመስል፣ በዚያ ሁሉ መከራ የልጇን ፊት ማየት፣ በእርሱም ላይ የባሏን መልክ ማየት እንዴት እንዳጽናናት ነገረችው። በመጨረሻም አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት፣ እርሷ እስክታርፍ እንዲቆይ፣ ከቀበራት በኋላ ግን ወደ ፈለገበት እንዲሄድ።

እዚህ ላይ አንዳንዶች አንቱሳን የልጇን ጥሪ የከለከለች እናት አድርገው ያስቡ ይሆናል። በጥንቃቄ ስናየው ግን የለመነችው ጊዜን ብቻ ነው። ሚስት አግባ፣ ሹመት ፈልግ፣ ጾምህን ተው አላለችውም። እንዲያውም በቤቷ ሳለ ምንም ሥጋዊ ጭንቀት እንዳይነካው የቤቱን ሸክም ሁሉ ራሷ ተሸክማ ለጸሎትና ለንባብ አሳረፈችው። ቤተ ክርስቲያናችን የሠርጉን ቤት ትቶ የወጣውን ቅዱስ ገብረ ክርስቶስን ታከብራለች፤ የእናቱን እንባ አክብሮ የቆየውን ዮሐንስንም ታከብራለች። ጥሪው የተለያየ ነው፤ ጠሪው አንድ ነው።

ዮሐንስ በእናቱ ቤት እንደ መነኮስ መኖር ጀመረ። ከቴያትርና ከአደባባይ ወሬ ራቀ፤ ምግቡን ቀነሰ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን በትጋት አጠና። የምንኵስና ፊደል የቆጠረው በዚያው ባደገበት ቤት ነው። ለታዛዥነት ሲል ምኞቱን ያዘገየ ሰው፣ ገዳም ገብቶ የሚማረውን የመጀመሪያ ትምህርት፣ የራስን ፈቃድ መተውን፣ አስቀድሞ ተምሮታል።

ከዋሻ ወደ ከተማ

ከዚህ በኋላ ቅዱስ ዮሐንስ ከአንጾኪያ አቅራቢያ ወዳለው ተራራ ወጣ። አራት ዓመት በአንድ አረጋዊ መነኮስ ሥር ሆኖ ሲታዘዝ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዋሻው እንቅልፍን ከራሱ አርቆ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ አጠና። ብርዱና ጾሙ ግን ሆዱንና ኵላሊቱን ስለ ጎዱት ሊቆይ አልቻለም፤ ታሞ ወደ ከተማ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ381 ዓ.ም. ከመልጥዮስ ዲቁናን፣ በ386 ዓ.ም. ከፍላብያኖስ ቅስናን ተቀበለ። ከዚያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በአንጾኪያ ሰበከ፤ በትምህርቱ ጣዕም የተነሣ የተሰጠው አፈወርቅ የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሚጠራበት ሆነ።

በበረሃ ሳለ የነበረው ምኞት ሰው ሁሉ እንደ መነኮሳቱ እንዲኖር ነበር። ወደ ከተማ ሲመለስ ያገኘው ሕዝብ ግን ነጋዴ፣ ወታደር፣ እናት፣ አገልጋይ፣ ሙሽራ ነው። እነዚህን ሰዎች እናንተ በዓለም ስላላችሁ ይበቃችኋል ብሎ አላቃለለባቸውም፤ ወደ ተራራ ካልወጣችሁ አትድኑም ብሎም ተስፋ አላስቈረጣቸውም። ከጋብቻ በቀር የክርስቶስ ትእዛዝ ለመነኮሱም ለባለ ትዳሩም አንድ እንደ ሆነ ደጋግሞ አስተማረ። ትሕትናው፣ ምጽዋቱ፣ ይቅርታው፣ ጸሎቱ ለሁለቱም ታዝዟል።

እ.ኤ.አ. በ387 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም አካባቢ በአንጾኪያ የሆነው ነገር ይህን ያሳየናል። በአዲስ ግብር የተቆጣ ሕዝብ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች አፈረሰ። ከተማይቱ ቅጣት ትጠብቅ ነበር፤ አረጋዊው ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ። ዮሐንስ በዚያ የፍርሃት ወራት ሕዝቡን እያጽናና ሲያስተምር ደጋግሞ ያነሣው አንድ ኃጢአት መሐላን ነበር። እያንዳንዱ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ስለዚህ እንዲስማማ፣ አንዱ ሌላውን እንዲያርም፣ ረስቶ የማለም ለራሱ ቅጣት ምግቡን እንዲተው መከረ። የከተማ መከራ በቤት ንስሓ እንዲጀመር ማድረጉ ነው። እኛም ለሸቀጥ ዋጋና ለትንሽ ክርክር የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የመላእክትን ስም እየጠራን ስንምል ልጆቻችን እንደሚሰሙን ብናስተውል፣ ይህ ምክር ለአንጾኪያ ብቻ የተነገረ አይመስለንም።

ሁለት ማዕድ ያለው ቤት

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ምእመናንን ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉት ብሎ ያስተማረ አባት ነው። እንዴት እንደሚደረግም ግልጽ አድርጎ አሳይቷል። ምእመናን ከጉባኤ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ሁለት ማዕድ እንዲዘረጉ ይመክራቸው ነበር፤ አንዱ የሥጋ ምግብ፣ ሁለተኛው የሰሙት ቃል። ባል በቤተ ክርስቲያን የተነገረውን ያነሣል፤ ሚስት ታስታውሳለች፤ ልጆች ይሰማሉ፤ የቤቱ አገልጋዮችም ከዚህ አይገለሉም። ዘርን በመንገድ ላይ በትኖ የሚሄድ ገበሬ እንደሌለ፣ የተሰማውን ቃል በደጀ ሰላም ጥሎ መሄድም አይገባም።

ከጉባኤው በፊት ያለው ዝግጅትም አልቀረም። በዕለቱ የሚነበበው የወንጌል ክፍል አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ምእመናን በቤታቸው አንብበውት፣ ያልገባቸውን ለይተው እንዲመጡ ይለምናቸው ነበር። ይህን ለማድረግ ዛሬ ለእኛ የቀለለ ነው። ግጻዌው የየዕለቱን መልእክታትና ወንጌል፣ ምስባኩንም ጭምር ያመለክተናል። ቅዳሜ ማታ አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ የነገውን ወንጌል ቢያነብ ከሩብ ሰዓት አይበልጥበትም። እንዲህ ያደረገ ልጅ ዲያቆኑና ካህኑ ሲያነቡ እንግዳ ነገር እንደሚሰማ ሆኖ አይቆምም፤ የሚያውቀውን ቃል ይጠብቃል።

እኔ መነኮስ አይደለሁም፣ ሚስትና ልጆች አሉኝ፣ ሥራ ይዞኛል የሚለው ምክንያት በዚያ ዘመንም ነበረ። የቅዱሱ መልስ ይህን ምክንያት መልሶ ለጥያቄው ማስረጃ ያደርገዋል። በጸጥታ ወደብ ከተቀመጠው ይልቅ በማዕበል መካከል ያለው መርከብ ብርቱ ጥበቃ ይሻል፤ በጦር ሜዳ የቆመም ከራቀው ይልቅ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለ ትዳር ከመነኮሱ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ የቃለ እግዚአብሔር ስንቅ ይፈልጋል።

ወደ ቅዱስ ቍርባን ስለ መቅረብ ያስተማረውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የዕብራውያንን መልእክት በተረጐመበት ድርሳኑ በዓመት አንድ ጊዜ የሚቀርቡትን፣ ደጋግመው የሚቀርቡትንም አንሥቶ፣ የሚመሰገነው በቍጥሩ ሳይሆን በንጹሕ ኅሊና የሚቀርበው እንደ ሆነ ይናገራል። በዓል ስለ ሆነ ብቻ መቅረብን ይገሥጻል፤ አልበቃሁም እያሉ ሳይዘጋጁ በመራቅ መኖርንም ይገሥጻል። ቤተ ክርስቲያናችን የሠራችልን ሥርዓት፣ ንስሓው፣ ጾሙ፣ ባልና ሚስት በስምምነት ከመኝታ መለየታቸው፣ ሁሉም ለዚህ ነው። ይህ ሥርዓት ደግሞ ያለ ቤተሰብ መተጋገዝ አይፈጸምም። ማታ የተጣሉ ባልና ሚስት ጠዋት በቅድስት ፊት አብረው ቢቆሙ፣ ጾማቸው ብቻውን አያስታርቃቸውም፤ አስቀድመው በቤታቸው ይቅር መባባል አለባቸው (ማቴ. 5፥24)።

ልጅን እንደ ከተማ መጠበቅ

ቅዱሱ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ የጻፈው መጽሐፍ ለወላጆች ትልቅ ስጦታ ነው። በዚያ የሕፃንን ነፍስ በከተማ ይመስላታል። ምላስ፣ ጆሮ፣ ዐይን፣ አፍንጫ፣ የሰውነት መዳሰስ የከተማይቱ በሮች ናቸው። ወላጅ ለእያንዳንዱ በር ጠባቂ ያቆማል፤ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ ብሎ ሕግ ያወጣል። በዚያ ዘመን የዐይንና የጆሮ በር ትልቁ ጠላት ቴያትር ቤቱ ነበር። ዛሬ ቴያትር ቤቱ በልጁ መዳፍ ላይ ሆኗል። ስልኩን ለማስለቀስ ሳይሆን ለማባበል የምንሰጥ ወላጆች ሁሉ፣ በሩን ከፍተን ጠባቂውን እንዳሰናበትን እናስብ።

የማስተማሩን ዘዴ ሲያሳይ ደግሞ የአባትም የእናትም ልብ ያለው ይመስላል። ልጁ ከትምህርት ደክሞ ሲመጣ፣ በራት ሰዓት አባት የቃየልንና የአቤልን ታሪክ በጣፋጭ አነጋገር ይተርክለታል። እናትም አጠገብ ተቀምጣ ታሪኩን ታደንቃለች። በሌላው ምሽት አባት የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ መልሶ እንዲነግረው ልጁን ይጠይቃል። ልጁ ሲናገር ይታረማል፤ ትርጕሙም ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። ከዚያ የያዕቆብና የዔሳው ይከተላል፤ አስፈሪው ነገር እስኪጠነክር ይቆየዋል። በመጨረሻም ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን እጁን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል። ልጁ የሚያውቀውን ሲሰማ በደስታ ይዘላል። ቤትና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ልጅ ልብ የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

ለልጅ የሚወጣ ስም ከጻድቃን ስም እንዲሆን፣ ልጁም በዚያ ጻድቅ ሕይወት እንዲቀና መክሯል። ረቡዕና ዓርብን እንዲጾም እንዲለማመድ ማስተማሩ ደግሞ ለእኛ ልጆቻችንን ከሕፃንነት ጀምረን በምናለማምደው ጾም ላይ የጥንት ምስክር ነው። ወላጆች ለልጃቸው ወርቅና ልብስ፣ ቤትና ፈረስ ሲያከማቹ ነፍሱን ረስተው መተዋቸውን አጥብቆ ይነቅፋል። እኛ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እናስጠምቃለን፤ የክርስትና አባትና የክርስትና እናትም እናቆማለን። እርሱ ሃያ ዓመት አልፎት የተቀበለውን ጸጋ ልጆቻችን በጨቅላነታቸው ተቀብለዋል። ስለዚህ አደራው በእኛ ላይ ቀድሞ ይጀምራል።

ለትዳር የሚደረግ ዝግጅት

ወደ ኤፌሶን ሰዎች የተላከውን መልእክት ሲተረጕም ቅዱስ ዮሐንስ ስለ ጋብቻ የተናገረው እስከ ዛሬ ከሚነበቡት ትምህርቶቹ አንዱ ነው። ባል ሚስቱን እንዲወድ የታዘዘበት መለኪያ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የወደደበት ፍቅር ነው (ኤፌ. 5፥25)። አገልጋይን እንኳ በማስፈራራት ማቆየት እንደማይቻል፣ የሕይወት ተካፋይ የሆነችውን ሚስት ግን በዛቻና በኀይል መያዝ ፈጽሞ እንደማይገባ ያስተምራል። በሌላ ስፍራም ሚስቱን የሚመታውን ባል ያለ ርኅራኄ ይገሥጸዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ነውር ከልማድ ተቆጥሮ በዝምታ በሚታለፍበት ቤት፣ ይህ የሊቁ ቃል ሊነበብ ይገባዋል።

ሙሽራው በመጀመሪያዎቹ የትዳር ቀናት ለሚስቱ ምን እንደሚነግራት ሳይቀር ያስተምረዋል። ከገንዘብና ከዘር ይልቅ የነፍሷን መልካምነት እንደ መረጠ፣ ፍቅሯን ከሁሉ እንደሚያስበልጥ ይንገራት። የእኔ፣ የአንቺ የሚለው ቃል ከቤታቸው ይጥፋ። ጸሎታቸው አንድ ይሁን፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን አብረው ይሂዱ፤ በቤታቸውም የተነበበውን ይነጋገሩ። ድህነት ቢመጣ እንዳይነቃቀፉ ሐዋርያቱን ያስቡ። በሠርግ ቀን ስለሚወጣው ከመጠን ያለፈ ወጪና ስለ ዘፈኑም ተናግሯል፤ ክርስቶስ የሚጠራበት ሠርግ ድሆች የሚጠሩበት ሠርግ ነው።

ይህን ስናነብ የዛሬውን የሠርግ ዝግጅታችንን ማየት ይገባናል። ሽማግሌ ከሚላክበት ቀን ጀምሮ ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ቬሎው፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሚዜዎቹ ልብስ፣ ስለ ቪዲዮው ወራት ይመከራል። በሥርዓተ ተክሊል ለመጋባትና ለመቍረብ የሚደረገው ዝግጅት ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ይሆናል። የንስሓ አባት ሙሽሮቹን የሚያያቸው ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ነው። አክሊሉ በራሳቸው ላይ ሲደፋ ምን እንደ ተቀበሉ የነገራቸው ሰው የለም። እኛ አገልጋዮችም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም፤ ሊጋቡ የሚመጡትን ለማስተማር ከምንተጋው ይልቅ ለዝማሬው ያደረግነው ልምምድ የሚበዛበት ጊዜ አለ።

ልጅ የሌለው አባት

እ.ኤ.አ. በ398 ዓ.ም. ቅዱስ ዮሐንስ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። የመንበረ ጵጵስናውን የቅንጦት ዕቃ ሸጦ ለድሆች አዋለ፤ ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። የቤተ መንግሥቱን ትዕቢት ሳይፈራ ገሠጸ። ንግሥት አውዶክስያ የአንዲትን መበለት የወይን ቦታ በወሰደች ጊዜ ስለ መበለቲቱ እንደ ቆመ በቤተ ክርስቲያናችን ይተረካል። ግብር ሰብሳቢዎች በእናቱ ደጅ ሲቆሙ ያደገ ልጅ ለመበለት ዝም ማለት አይችልም። ለዚህና ለመሰለው ተግሣጹ በ403 ዓ.ም. ከመንበሩ እንዲወርድ ተፈረደበት፤ ተመልሶም በ404 ዓ.ም. ወደ አርመን ምድር ወደ ኩኩሱስ ተሰደደ።

በስደቱ ከጻፋቸው መልእክታት መካከል ዐሥራ ሰባቱ የተላኩት ለኦሎምፒያስ ነው። እርሷም በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት፣ ሀብቷን ለድሆች የሰጠች ዲያቆናዊት ነበረች። ታሞ፣ በብርድ ተጨንቆ ሳለ ኀዘኗን ለማስታገሥ ይደክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ407 ዓ.ም. ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ እንዲያርቁት ታዘዘ። ወታደሮች በፀሐይና በዝናብ እያጣደፉ ሲወስዱት፣ ኮማና በምትባል ስፍራ በሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቍርባንን ተቀብሎ፣ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ መስከረም ወር ላይ ዐረፈ። ቤትም፣ ሚስትም፣ ልጅም አልነበረውም። እነሆ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በኋላ እኛ ስለ ልጆቻችን ምክር የምንጠይቀው እርሱን ነው።

ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በ438 ዓ.ም.፣ ዐፅሙ ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ። ያስመለሰው ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ያሳደዱት የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ነው። ንጉሡ ፊቱን በሣጥኑ ላይ አድርጎ ለአባቱና ለእናቱ ይቅርታን ለመነ። የዮሐንስ ታሪክ በአንዲት እናት እንባ እንደ ተጀመረ፣ ስለ ወላጆቹ በለመነ ልጅ እንባ ተፈጸመ። ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ሀብትና ዙፋን ብቻ አይደለም፤ ይቅርታ የሚለመንበት ዕዳም ሊያወርስ ይችላል። አንቱሳ ለልጇ የጠበቀችለት ንብረት ዛሬ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ በቤቷ ያዘጋጀችው ልጅ ግን በየቅዳሴው ይነሣል።

ምእመናን ሆይ፣ ይህን የቅዱሱን ሕይወት አንብበን ዝም ብለን እንዳናልፍ ከትንሹ እንጀምር። በመጪው ቅዳሜ ማታ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ዘግተን የነገውን ወንጌል ከልጆቻችን ጋር እናንብብ። የተጣላን ባልና ሚስት ወደ ቅዳሴ ሳንሄድ እንታረቅ። ልጆቻችንን የምንድር ወላጆች ስለ አዳራሹ ከመመካከራችን አስቀድመን ወደ ንስሓ አባት እንላካቸው። ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ እናት ደግሞ፣ ማንም የማያየው ድካምሽ በእግዚአብሔር ፊት የተቈጠረ መሆኑን አንቱሳን እያየሽ ተጽናኚ። ማን እንደ ሆነ ገና ያላወቅሽው አፈወርቅ በማዕድሽ ዙሪያ ተቀምጦ ይሆናል።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይኑር፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር